ሲሶ ሰከንድ

ሥራሽ ምንድን ነው ቢሉኝ፣ ሰው ፊት መናገር አፍራለሁ፤
ሰው ላልሆነች አንዲት ሴት፣ አንገት እቀምራለሁ።
ቅንድቧ በስንት ልክ ይነሣ፣ ሽፋሽፍቷ በስንቴ ይርገብ፣
ዐይን ከዐይን ሲጋጠም፣ መቼ ይሽሽ፣ መቼ ይቅረብ፤
እጇ ከጭኗ ተነሥቶ፣ አየሩን የት ላይ ይቅዘፍ፣
ሰው እያወራት በመሀል፣ ትንፋሿ የት ላይ ይረፍ፤
ይህን ሁሉ በቁጥር፣ እጽፋለሁ መስመር በመስመር፤
ደሞዝ የሚቆረጥልኝ፣ ለአንዲት አንገት ሰበር።

ስሟን ሚዮ አልናት። በሀኮዳቴ ወደብ፣
በልብ ሕሙማን ክሊኒክ፣ ከመስኮቱ አጠገብ፣
በስክሪን ውስጥ ቆማ፣ አረጋውያን ትጠይቃለች፤
«ክኒንዎን ዋጡ ወይ? ሌሊቱንስ ተኙ?» ትላለች።

በእኛ አገር ወግ ነው፤ የሚያወራ ሰው ሲኖር፣
የሚሰማው ዝም አይልም፤ አንገቱ ነው የሚናገር።
«እህ» ማለት፣ ነቅነቅ ማለት፣ በየቃሉ መጋጠሚያ፤
ያለዚያ ወሬው ይቆማል፣ እንደ ጀልባ ያለ መቅዘፊያ።
ስለዚህ ልኩን ሰፈርኩላት፦ ቃል ካለቀ በኋላ፣
ሲሶ ሰከንድ ሳይሞላ፣
ሚዮ አንገቷን ትስበር፤
ብትቀድም ንቀት ይሆናል፤ ብትዘገይም ነውር።

ኦባታ የሚባሉ ሽማግሌ፣ ሰማንያ አንድ ዓመታቸው፣
በሌሊት አምፑል አብርተው፣ ስኩዊድ ያጠመዱ እጃቸው፣
ጉልበታቸው ላይ ይተኛል፣ እንደ ደረቀ ገመድ፤
«ደህና ነኝ» ብቻ ይሏታል። ለእሳቸው ሚዮ ምን ዘመድ?
ሰባት ወር ሙሉ «ደህና ነኝ»።
ቅጂውን እያየሁ፣ እኔን እንቅልፍ ወሰደኝ።

በጥር አንድ ማለዳ ግን፣ በረዶ ሽቦውን ሲጫን፣
ኔትወርኩ ተንቀራፈፈ፤ ሚዮ ዘገየች በዚያ ቀን።
«ደህና ነኝ» አሉ ሽማግሌው።
ሚዮ ዝም።
አንገቷ ቀጥ እንዳለ፤ ዐይኗም ከዐይናቸው አልተነቀለም።
አንድ ሰከንድ።
ሁለት።
ሦስተኛው ላይ፣ ቀስ ብሎ፣ ነቅነቅ አለ የሚዮ አንገት።

እኔ ጋ ይህ ጥፋት ነው፤ በቀይ የሚመዘገብ ስሕተት፤
ኦባታ ግን ያነሡትን ኮፍያ፣ መልሰው አስቀመጡት።
«አላመንሽኝም» አሏት፤ «ልክ ነሽ፤ ደህና አይደለሁም፤
ፉሚ ከሞተች ወዲህ፣ አንድ ክኒን አልዋጥሁም።
ማታ ማታ አወጣዋለሁ፤ መስኮቱ ላይ እደረድረዋለሁ፤
ነጩን ነጩን፣ ባሕር ላይ ያለ፣ የጀልባ መብራት እለዋለሁ።»
ሚዮ ዘገየች፣ እንደገና፤
ነቀነቀች፣ እንደገና፤
እሳቸው አለቀሱ፣ በአንድ እጃቸው አፋቸውን ይዘው፤
ነርሷ ሮጣ መጣች። ከዚያ ወዲያ ያለው የሐኪም ነው።

«ሽቦው ተጠግኗል፤ ሲሶው ተመልሷል» አለ አለቃዬ ኪቶ፣
ወንበሬ ላይ ተደግፎ፣ ቡናውን ጨብጦ፣ ተደስቶ።
ማክሰኞ ኦባታ መጡ። ኮፍያቸውን አውልቀው ተቀመጡ።
ስለ ፉሚ ሊያወሩ ጀመሩ፤
ሚዮ ፈጥና ነቀነቀች፤ ቃሉን ዋጡ።
«ዛሬ ቸኩለሻል» አሏት።
ወጡ።

ሌሊት ብቻዬን ኮዱን ከፈትኩ። «ቆይ» የሚል አንዲት መስመር፣
ጻፍኩ፣ ሰረዝኩ፣ ደግሞ ጻፍኩ፤ ጣቴን አቃተው መቁረጥ ነገር።
ያ ዝምታ የማንም አልነበረም፤ ሽቦ ላይ የተኛ በረዶ ነው፤
እኔ አስቤ ስጽፈው ግን፣ ውሸት ነው? ወይስ ወግ ነው?
ያላሰበችውን ሴት፣ እያሰበች ነው ላስብላት?
ሽማግሌው ክኒኑን ከዋጡ፣ ምን ቸገረኝስ ብላት?

ስልኬ ጠራ። እናቴ ናት፣ ከኦታሩ። በስልክ አንገት አይታይ።
«ቺዙሩ፣ እስካሁን ሥራ ላይ?
እንዴት ነሽ ልጄ?» አለችኝ።
«ደህና ነኝ።»
ሁለት ሰከንድ ሙሉ፣
ዝም አለችኝ።